ካርቦን ቸርኬ ለዋልካ ጭቃ ይሆናል?

የብስክሌት ጥያቄዎቻችሁ፣ ከደሴው ጠጋኝ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ተመካክራችሁ የጻፋችኋቸው ይመስላሉ። ሁሉም ስለ ካርቦን ቸርኬ፣ ማለትም ከካርቦን ክርና ከሙጫ ስለተሠራው ቸርኬ ነው። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ፤ ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት እሱ ውስጥ አለ። የቀሩትን እንደየአመጣጣቸው አያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። እህቴ ቤልጅየም፣ ጌንት ከተማ ትኖራለች። ባለቤቷ እዚያ ሳይክሎክሮስ ይወዳደራል። አዲስ ስለገዛ ያገለገለውን የካርቦን ቸርኬ ሊሰጠኝ ነው። እህቴ ለመስከረም ስትመጣ ይዛልኝ ትመጣለች። እኔና ጓደኞቼ ዝናቡ ሲያባራ ቦሩ ሜዳ ላይ የሳይክሎክሮስ ዓይነት ውድድር ለማድረግ አስበናል። ብስክሌቴ ባለ ዲስክ ፍሬን ነው፤ ቸርኬውም እንደዚያው። ከጎማው እስከ ሽቦዎቹ ያለው ቁመቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጎማው በማስቲሽ የሚለጠፍ ነው ብሎኛል። ከጓደኞቼ ግማሾቹ «በአንድ ድንጋይ ዱቄት ይሆናል» ይላሉ። ግማሾቹ «አለቀ፣ አንደኛ ነህ» ይላሉ። ልቀበል ወይስ ሌላ ነገር ይላክልኝ ልበል? — ሰ.፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር የኔ ልጅ። ተቀበል። ግን ሁለቱም ወገን ጓደኞችህ አጋነውታል።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ትንሽ ልበል። ሳይክሎክሮስ አውሮፓ ውስጥ በብርዱ ወራት የሚካሄድ ውድድር ነው። ብስክሌቱ ሲያዩት የአስፋልት ብስክሌት ይመስላል፤ መሪው ቁልቁል የታጠፈ ነው። ጎማው ግን ጥርስ አለው። አንዱ ዙር ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። መንገዱ ሣር፣ ጭቃ፣ አሸዋና ደረጃ ነው። መሃል ላይ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሳንቃ ይቆማል። የቻለ በብስክሌቱ ይዘለዋል፤ ያልቻለ ወርዶ ተሸክሞ ያልፋል። ዋናዎቹ ወንዶች አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሲፈጉ ይውላሉ። የዓለም ሻምፒዮናው እ.ኤ.አ. በ1950 ፓሪስ ላይ ተጀመረ። ያሸነፈው ፈረንሳዊው ዣን ሮቢክ ነበር። ይኼው ሰው በ1947 ቱር ደ ፍራንስንም ወስዷል። በኛ ዘመን ደግሞ የዚህ ነገር ጌታ ሆላንዳዊው ማቲው ቫን ደር ፑል ነው። ብስክሌት በትከሻ ይዞ ጭቃ ውስጥ መሮጥ መቼም ለወሎ ልጅ አዲስ አይደለም። በሐምሌ ከኩታበር መንገድ ወጣ ብሎ ቤቱ የሚገባ ሁሉ ያደርገዋል። የሚያጨበጭብለት ስለሌለ ነው እንጂ።

አሁን ወደ ቸርኬው። ካርቦን ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው ክብደትን ነው። እኔ ክብደቱን መጨረሻ ላይ ነው የማየው። ሒሳቡን እንሥራው። ካርቦኑ ከአሉሚኒየሙ በሁለቱ ቸርኬ ላይ 300 ግራም ቀነሰ እንበል። ዳር ላይ የሚሽከረከር ክብደት ስትፈጥን እጥፍ ያህል ይቆጠራል። ስለዚህ 600 ግራም በለው። አንተና ብስክሌትህ አንድ ላይ 75 ኪሎ ብትሆኑ፣ ይህ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ሳይክሎክሮስ ሁሉ ነገሩ መቀነስና መፍጠን ስለሆነ ከጥምዝ በወጣህ ቁጥር ትንሽ ይሰማሃል። አይጠቅምም አልልም።

ግን ዋልካ የሚባል ነገር አለ። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ከዚያ የነካውን አይለቅም። አንድ ዙር ሳትጨርስ ቴላዮው፣ ፎርኬላው፣ ፔዳሉ ሁሉ በኪሎ የሚቆጠር ጭቃ ይሸከማል። ያ 300 ግራም የት ገባ? ቤልጅየሞቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው ሁለትና ከዚያ በላይ ብስክሌት ይዘው የሚመጡት። አንዱ በጭቃ ሲከብድ ወደ መቀየሪያው ቦታ ገብተው ንጹሑን ይዘው ይወጣሉ። ረዳታቸው የቆሸሸውን በፓምፕ ውሃ አጥቦ ይጠብቃል። ጭቃው የባሰ ዕለት በየግማሽ ዙሩ የሚቀይሩ አሉ። አንተ ሁለተኛ ብስክሌት ከሌለህ፣ ባልዲና እንጨት ይዞ የሚቆምልህ ታናሽ ወንድም ከካርቦን የበለጠ ደቂቃ ያድንልሃል። ቀልዴን አይደለም። ጭቃውን ከፎርኬላው ስር በእንጨት መጎርጎር ካወቀበት ብር አውጥተህም ቢሆን አምጣው።

ታዲያ ካርቦኑ ምን ይሠራል? አንደኛ፣ ቅርጹ። ጭቃ የሚሰበሰበው ሽቦዎቹ ቸርኬው ውስጥ የሚገቡበት ቦታ ላይ ነው። ጠፍጣፋና አጭር ቸርኬ ላይ እዚያ ይቀመጣል። እንዳንተው 40 ሚሊ ሜትር ቁመት ኖሮት ወደ ውስጥ የሾለ ከሆነ ግን ተንሸራቶ ይወርዳል። አሸዋ ላይም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቤልጅየም ባሕር ዳር ላይ ኮክሳይድ የሚባል የአሸዋ ውድድር አለ፤ እዚያ ረጅም ቸርኬ የሚወደደው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ቁመት በአሉሚኒየምም ይሠራል፤ ግን ይከብዳል። ነፋስ ይቆርጣል የሚባለውን ግን ለአስፋልት ሰዎች ተወው። ጭቃ ውስጥ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ጠቡ ከነፋስ ጋር አይደለም።

ሁለተኛውና ዋናው ጎማው ነው። በማስቲሽ የሚለጠፈው ጎማ ካላማዳሪውን በሆዱ ይዞ ዙሪያውን የተሰፋ ነው። ቸርኬውም እንደሌላው ጎማውን የሚነክስ የቆመ ጠርዝ የለውም። ስለዚህ ነፋሱን በጣም ብታሳንስ እንኳ ካላማዳሪው በድንጋይና በጠርዝ መሃል ተቆንጥጦ ቶሎ አይቀደድም። ቢተነፍስም ጎማው ከቸርኬው ሳይወጣ ወደ መቀየሪያው ቦታ ያደርስሃል። ጭቃ ላይ የሚያሸንፈው ዝቅ ያለ ነፋስ ነው። ጎማው ሲለሰልስ መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይይዛል። ስለዚህ አማችህ የሰጠህ ትልቁ ነገር ካርቦኑ ሳይሆን በትንሽ ነፋስ የመንዳት ፈቃድ ነው።

ችግሩ ያለው ማስቲሹ ላይ ነው። ጎሚስታ ቤት ያለው፣ ካላማዳሪ የምንለጥፍበት ማስቲሽ ለዚህ አይሆንም። የዚህ ጎማ ማስቲሽ ራሱን የቻለ ነው፤ ለምሳሌ ቪቶሪያ የሚሠራው አለ። በስሱ ይቀባል። ይደርቃል። እንደገና ይቀባል። ጎማውም ቸርኬውም ለየብቻ ተቀብተው አድረው ነው የሚገናኙት። ከተለጠፈም በኋላ አንድ ቀን ማረፍ አለበት። የአስፋልት ጎማ ነፋሱ ብዙ ስለሆነ ራሱን ቸርኬው ላይ አጥብቆ ይይዛል። በሳይክሎክሮስ ነፋሱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ሸክሙ ሁሉ ማስቲሹ ላይ ይወድቃል። ቤልጅየሞቹ ለዚህ ብለው በጎማውና በቸርኬው መሃል የጨርቅ ጥብጣብ ይጨምራሉ። ጥምዝ ላይ ጎማው ከቸርኬው ከተላቀቀ የሚቀጥለው ነገር በአፍንጫህ መሬት መንካት ነው።

በኛ ጊዜ የምንወዳደረው በተሰፋ ጎማ ነበር። ሲበሳ ስፌቱን እንፈታለን፣ ካላማዳሪውን እንለጥፋለን፣ ከዚያ ፒያሳ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስደን በሰም ክር እናሰፋዋለን። ይቻላል። ጫማ ሰፊው ግን እየሳቀ ነው የሚሰፋው፤ ከሰዓትህም እዚያው ያልቃል። የወሎ አጥር ደግሞ ቀጋና አጋም ነው። ቆላ ከወረድህ ግራሩ አለ። እሾህ ካርቦን ነው አሉሚኒየም ነው ብሎ አይጠይቅም።

ስለዚህ ለአማችህ እንዲህ ብለህ ጻፍለት። ጎማው መቼ እንደተለጠፈ ይንገርህ። የቆየ ከሆነ አዲስ ጎማ ራሱ ለጥፎ ይላክልህ፤ እሱ ሠልጥኖበታል፣ አንተ ደግሞ ገና ነህ። ቀዳዳ የሚደፍነውን ፈሳሽም ከውስጥ ይጨምርበት። ፈሳሹ በጊዜ ይደርቃል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ አንድ ጠርሙስ ትርፍ ከትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይምጣ። ጥብጣብም አብሮ። ቀጥለህ የመግጠሙን ነገር ጠይቅ። ያንተ ብስክሌት አክሰሉ 12 ሚሊ ሜትር ወፍራሙ ነው ወይስ በእጅ የሚፈታው ቀጭኑ? የእሱስ? ዲስኩ ሞዞው ላይ የሚታሰረው በስድስት ብሎን ነው ወይስ በአንድ ትልቅ ቀለበት? የኋላው ሞዞ ያንተን የማርሽ ጥርሶች ይቀበላል? ይህ ሳይጣራ የመጣ ስንት ቸርኬ ሳሎን ውስጥ ጌጥ ሆኖ ቀርቷል። በመጨረሻ፣ ቸርኬው ስንጥቅ እንደሌለው ዙሪያውን በደንብ አብርቶ ፎቶ ያንሳልህ። አማች ነውና አትፈር።

ምርጫ ካለውና «የፈለግኸውን ንገረኝ» ካለህ ግን እኔ የምመርጥልህ ያለ ካላማዳሪ የሚሠራውን፣ በፈሳሽ የሚነዳውን ዓይነት ነው። ጎማው ሲያልቅ በእጅህ ታወጣዋለህ፤ ማስቲሽ አትለምንም። እሾህ ሲወጋው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይደፍናል። ጉድለቱ ነፋሱን በጣም ካሳነስኸው ጥምዝ ላይ ጠርዙ ተከፍቶ ነፋስ ሊያስወጣ መቻሉ ነው። የተለጠፈውን ያህል አታሳንሰውም ማለት ነው።

ወደ ነፋሱ ልክ እንምጣ፤ ውድድሩ ያለው እዚህ ነው። አንተ 60 ኪሎ አካባቢ ከሆንህ፣ ጎማው የተለጠፈና 33 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ለጭቃ ከ1.4 ባር ጀምር። ይኸውም 20 ፒኤስአይ ገደማ ነው። የኋላውን ትንሽ ከፍ አድርገው። 33 ሚሊ ሜትር ያልሁት በዓለም አቀፉ ውድድር የሚፈቀደው ትልቁ ስፋት እሱ ስለሆነ ነው። ከዚያ አንድ ዙር ሂድ። ቸርኬው መሬቱን ካልነካ ትንሽ አስተንፍስ። ደግመህ ሂድ። ድንጋይ ላይ ቸርኬው «ጠቅ» ካለ አልፈሃል፤ መልስበት። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር መለኪያ ለዚህ አይረባህም። እሱ የተሠራው ለመኪና ነው፤ ላንተ ለውጥ የሚያመጣውን አንድ ፒኤስአይ እሱ አያየውም። አራት አምስት ሆናችሁ አዋጡና ዝቅተኛ ልክ የሚያነብ አንድ የነፋስ መለኪያ ግዙ። ከካርቦን በፊት እሱን።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ ልጨምር። ነፋሱን ኮምቦልቻ ላይ ለክተህ ቦሩ ሜዳ አትውጣ። ሽቅብ ስትወጣ የውጪው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው ከፍ አድርጎ ያነባል። ብርዱ ደግሞ ይቀንሰዋል። ሁለቱ እርስ በርስ ይጣፋሉ ብትልም ማለዳና ቀትር እኩል አይደሉም። እዚያው ቦታው ላይ፣ ከመነሳትህ በፊት ለካ።

ይሰበራል ወይ ላልኸው፦ አሉሚኒየም ድንጋይ ሲመታው ይጎደጉዳል። በመዶሻና በእንጨት ትንሽ አስተካክለህ ቤትህ ትገባለህ። ካርቦን አይጎደጉድም። ወይ ይችለዋል ወይ ይሰነጠቃል። ጥሩ ካርቦን ብዙ ይችላል፤ በየሳምንቱ ጭቃ ውስጥ የሚገረፈው እሱ ነው። ግን ውድድራቸው ያለው ሣርና ጭቃ ላይ ነው። እኛ ሣር ውስጥ የተደበቀ ጥቁር ድንጋይ አለን። ስለዚህ ዙሩን ስታሰምሩ አንድ ቀን በእግራችሁ ዙሩበት። ድንጋዩን አንሱ፤ የማይነሳውን በኖራ ቀቡት። ሜዳው የከብት ግጦሽ ነውና የአካባቢውን ሽማግሌዎችም አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ልምምድህን በአሉሚኒየም አድርግ። ካርቦኑን ለውድድሩ ቀን አቆየው።

ከሁሉ በላይ የምፈራልህ ድንጋዩን አይደለም። ሚኒባሱን ነው። ረዳቱ ብስክሌትህን ጣሪያ ላይ ጥሎ፣ ገመዱን በቸርኬው ላይ አሳልፎ፣ እግሩን ረግጦ ሲስብ አይተኸዋል። ላዩ ላይ ደግሞ ጆንያ ይጨምራል። ካርቦን በሽቦዎቹ አቅጣጫ ሲጫኑት ጠንካራ ነው፤ በጎን አንድ ነጥብ ላይ ሲጨመቅ ግን ደካማ ነው። ቸርኬዎቹን ፈትተህ በብርድ ልብስ ጠቅልለህ ጭንህ ላይ ያዛቸው። የሁለት ሰው ቦታ ክፈል ካሉህ ክፈል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የደሴ ልጅ ነኝ፣ የሙጋድ። የቆየ የሳይክሎክሮስ ብስክሌት አለኝ። ፍሬኑ ዲስክ አይደለም፤ ቸርኬውን በጎን የሚይዘው ነው። ካርቦን ቸርኬ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ጭቃ ላይም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ስወርድም ልጠቀምበት አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል? — መ.፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ተይው። ብሩን ያዢው።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ሐረጎን ስትወርጂ ከ600 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። አንቺና ብስክሌትሽ 70 ኪሎ ብትሆኑ፣ ያ ቁልቁለት የሚሰጣችሁ ጉልበት አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። የቀረው ወደ ፍሬንሽ ይሄዳል። ዲስክ ቢሆን ብረቱ ይግል ነበር፤ ቸርኬው አይነካም። አንቺ ጋ ግን የሚግለው ራሱ ቸርኬው ነው። አሉሚኒየም ሙቀቱን ቶሎ ወደ አየር ይሰጣል። ካርቦን ይዞ ያቆየዋል። ካርቦኑን ያያያዘው ሙጫ ደግሞ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ነፋስ የሞላው ጎማ ከውስጥ እየገፋ ስለሆነ ጠርዙ ሊከፈት ይችላል። ይህ የሚሆነው ጥምዙ ላይ፣ ከፊትሽ ሲኖትራክ እያቃሰተ ሲወጣ ነው።

ጭቃውም አያዋጣሽም። የራሰ ካርቦን ላይ የፍሬን ሸራ ወዲያው አይዝም። ትጨብጪዋለሽ፤ ምንም የለም። ትጨብጪዋለሽ፤ ከዚያ ድንገት ይነክሳል። ጭቃው ውስጥ ያለው ጥቃቅን አሸዋ ደግሞ ፍሬን በያዝሽ ቁጥር የቸርኬውን ጎን ይፍቃል። ካርቦን ተፍቆ ካለቀ መጣል ነው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ዲስክ ፍሬንን በሳይክሎክሮስ ሲፈቅድ ከአስፋልቱ ቀድሞ ነው። ጭቃ ውስጥ የሚውሉት ሰዎች ከማንም በፊት ያስፈልጋቸው ነበር።

ገዝተሽው ከሆነስ? ለካርቦን የተሠራ የፍሬን ሸራ ብቻ አድርጊበት። በአሉሚኒየም ላይ የሠራ ሸራ በፍጹም አታዛውሪበት። የብረት ብናኝ ነክሶ ይይዝና ካርቦኑን ይቧጥጠዋል። ከዚያ ሜዳ ላይ ንጂው። ለሐረጎ አሉሚኒየሙን መልሰሽ ግጠሚ።

ጥያቄ፦ የሙያ ወንድሜ፣ ሐይቅ ጎሚስታ ነኝ። አንድ ልጅ ድንጋይ የመታው ካርቦን ቸርኬ አምጥቶ «ደህና ነው ወይ?» አለኝ። ሳየው ምንም የለውም። ምን ልበለው? ጎማው ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ነው። ኮምፕሬሰር ልጠቀምበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዝም ብለው «ደህና ነው» አለማለትዎ ደግ ነው። መጀመሪያ አጥበው ያድርቁት። ጎማውን አውጥተው፣ ከውስጥ ያለውን ጥብጣብም ልጠው፣ ፀሐይ ላይ ያዙሩት። ጠርዙንና ሽቦዎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ ሁሉ በጥፍርዎ ይዳስሱ። ከዚያ በሳንቲም ዙሪያውን ቀስ እያሉ መታ መታ ያድርጉት። ጥርት ያለው ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ከታፈነ እዚያ ጋ ይጠርጥሩ። ቸርኬው ሲዞር ከተወላገደና ሽቦዎቹ ደግሞ ሁሉም ውጥር ካሉ፣ አሁንም ይጠርጥሩ። ካርቦን እንደ ብረት ታጥፎ አይቀርም።

የርስዎ የራስዎ ዘዴ ደግሞ አለ፣ የሳሙና ውሃ። ጥብጣቡን በአዲስ ይተኩ፣ ጎማውን ይግጠሙ፣ ይንፉ፣ ሳሙናውን በሽቦ ቀዳዳዎቹና በጎኑ ያፍሱ። በሽቦው በኩል አረፋ ካወጣ ጥብጣቡ በደንብ አልተለጠፈ ይሆናል። ምንም ቀዳዳ በሌለበት ባዶ ጎን አረፋ ካወጣ ግን ቸርኬው ተሰንጥቋል። አራልዳይት ሙጫ ቀብተው አይስጡት። ለልጁ ይንገሩትና ግድግዳ ላይ ይስቀለው።

ኮምፕሬሰሩን ይጠቀሙ፤ ጎማው ጠርዙ ላይ «ጧ» ብሎ እንዲቀመጥ ግፊት ያስፈልገዋል። ግን ቸርኬው ላይና ጎማው ላይ የተጻፈውን ትልቁን ልክ ያንብቡ። ሁለቱ ከተለያዩ ትንሹን ይያዙ። ጠርዙ ጎማውን የሚይዝ መንጠቆ የሌለው ዓይነት ከሆነ መቼም ከ5 ባር አይለፉ። ለሳይክሎክሮስ ወዲያው ማስተንፈስዎ አይቀርም። የብረት ጎማ ማውጫውን ደግሞ ለመኪናው ይተዉት። ለካርቦን የፕላስቲክ ማውጫ ወይም አውራ ጣት ነው። ልጁ ብስክሌቱን መኪና እጥበት ወስዶ በግፊት ውሃ የሚያሳጥብ ከሆነም ይምከሩት። ውሃው ሞዞው ውስጥ ገብቶ ኩሽኔታውን ይበላዋል። ባልዲና ብሩሽ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ወልድያ የምኖር አባት ነኝ። የ14 ዓመት ልጄ ብስክሌት ይወዳል። ውድድር በስልክ አይቶ «ካርቦን ቸርኬ ካልገዛችሁልኝ» ብሎ ቤቱን አስጨንቆታል። ያለችው ብስክሌት መካከለኛ ናት፣ አሉሚኒየም። ኢንተርኔት ላይ ስም የሌለው ርካሽ ካርቦንም አይቻለሁ። ልግዛለት?

መልስ፦ አይግዙ። ስም የሌለውን ደግሞ ጭራሽ። ከውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የልጅ ጥርስ ደግሞ ከቸርኬ ይወደዳል።

ሁለት ጥሩ ባለ ጥርስ ጎማ ይግዙለት። ከመግዛትዎ በፊት ግን በጎማውና በቴላዮው መሃል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት መኖሩን ይዩ፤ ከሌለ በመጀመሪያው ጭቃ ይቆማል። አዲስ የፍሬን ሸራ ያስገጥሙለት። ካቴናው ካለቀ እሱንም ይቀይሩለት። ሄልሜት ከሌለው ደግሞ ከሁሉም በፊት እሱ ይቅደም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከካርቦኑ በብዙ ይረክሳል።

ልጁ ስንት ኪሎ እንደሆነና ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ። የነፋሱን ልክ በሚቀጥለው እትም እነግርዎታለሁ።